ፋይቪል የነፋለት ሰው

የቢሮቢጃን ትንኝ ዶሮ ያክላል። ላም ጎትቶ ሲወስድ ያየ ሰው አለ።

ክላርኔት ነፊው ፋይቪል፣ «ለአይሁድ የገዛ አገራቸው ተሰጣቸው» ሲሉት ከሰርግ ድንኳን ተነሥቶ፣ ሚስቱን ድቮሼን አስከትሎ፣ ሩሲያን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ቢሮቢጃን መጣ። ከባቡር ሲወርድ አገሩ ገና ረግረግ ነበር። የሚቀበለው ቢያጣ ክላርኔቱን አወጣና የሰርግ እንግዳ መቀበያውን ዜማ ለራሱ ነፋ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ፤ ሰፋሪ የጫነ ባቡር በመጣ ቁጥር ፋይቪልና ከበሮ መቺው ሽማርዬ ጣቢያ ናቸው። ዜማው ሕግ አለው፤ እንግዳው የቤት ደፍ ሳይረግጥ አይቋረጥም።

ጣጣው የመጣው ሹማምንቱ «ለእኛም ይነፋልን» ያሉ ዕለት ነው። ለመጀመሪያው ሊቀመንበር ተነፋለት፤ ወር ሳይሞላ ፎቶግራፉ ከግድግዳ ወረደ። ለሁለተኛው ተነፋለት፤ በስሙ የተጠራው መንገድ ስም አልባ ሆኖ ቀረ። ሦስተኛውማ ከነጭራሹ አልተወለደም ተባለ፤ ውሻው እንኳ ካደው።

የከተማው መድኃኒት ሻጭ እናቱን ጠይቆ በባቡር ሲመለስ ፋይቪልን በመስኮት አየና በወዲያኛው በር ዘሎ ወረደ።

«ጋሼ ፋይቪል፣ በልጆቼ ይዤዎታለሁ፣ ለእኔ እንዳይነፉ!»

አራተኛው ሊቀመንበር ሊገባ ሲል ድቮሼ ጨነቃት።

«አንተ ሰውዬ፣ ታምሜአለሁ በል።»

«ትናንት ሲስቅ የዋለ ሰው ዛሬ ታመመ ብንል ማን ያምነናል?»

ሄደ። ሊቀመንበሩ ጉንጩ የቀላ ጎልማሳ ነበር። ፋይቪል አዘነለትና ክላርኔቱን ሳይነፋ ወደ ሳጥኑ መለሰው።

«ምነው ጓድ ነፊ፣ በገዛ አገሬ የሚቀበለኝ ልጣ?»

«ዕድሜዎ እንዲረዝም ፈልጌ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ትንኙ ሳይቀር ከአጠገባቸው ራቀ። ሊቀመንበሩ ወሬውን ሰምቶት ኖሮ በሣቅ ፈረሰ።

«ያን ሁሉ ሰው የምታጠፋው አንተ ነህ? እኛ እኮ መንግሥት መስሎን ነበር!»

ሁሉም ሣቀ፤ ላለመሣቅ የደፈረ አልነበረም።

«እንዲህ ያለ ሰው መከበር አለበት። ቅዳሜ የከተማው ባንድ ለአንተ ይጫወታል፣ እዚሁ ጣቢያ።»

ቅዳሜ ጧት ድቮሼ ወፍራም ካልሲና ደረቅ ዳቦ ቋጠረች።

«ለድግስ ደግሞ ስንቅ ምን ይሠራል?» አላት።

«ድግሱ ሩቅ ከሆነስ?»

ጣቢያው በሰው ተሞልቷል። ከተማው የማያውቀው ባቡር ቆሟል፤ መስኮት የለውም። የቆዳ ካፖርት የለበሱ ሁለት የጸጥታ ሰዎች በሩን ይዘዋል። ሽማርዬ ዓይኑን ከከበሮው ላይ አላነሣም።

«ሽማርዬ፣» አለው ፋይቪል ስንቁን በብብቱ ይዞ፣ «ሕጉን አትርሳ።»

ባንዱ ጀመረ። ፋይቪል ተሳፈረ፣ በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ከዛፎቹ ጀርባ ተሰወረ። ባንዱ ግን አላቆመም። እንግዳው የማንንም ደፍ አልረገጠማ! ደግሞስ ሊቀመንበሩ እያየ ቀድሞ የሚያቆም ማን ነው? ሲመሽ ሊቀመንበሩ ራሱ በላብ ተጠምቆ ያጨበጭብ ነበር፤ ሁለቱ ባለ ካፖርቶች ገና ጣቢያው ላይ ቆመው ያዩት ነበርና።