የተለወጠ አንድ ሰው

ለተሚካኤል ካዛንቺስ ባለው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ከየድርጅቱ የመጡ የሥልጠና ክፍል ኃላፊዎች ራሳቸው የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም ነው። እሷ የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ሠራተኞችን ታሠለጥናለች፤ ወጣትነቷን የጨረሰችው እዚያ ነው። ከመስኮቱ ማዶ ያደገችበት ሰፈር ነበር። ቤቶቹ ፈርሰው ሰፊ መንገድና ሣር ሆኗል። ከሰፈሩ ከተነሳች ወዲህ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። እዚህ ካዛንቺስ የሚያውቃት ሰው ቀርቶ የሚያውቃት ግድግዳ የለም።

ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት አለቃዋ አቶ ገብረጻድቃን ቢሯቸው ጠርተዋት ነበር።

«ቦርዱ ክፍልሽን ሊዘጋው ነው» አሏት። «ልከራከርልሽ ብል የምይዘው ነገር የለኝም። ካሠለጠንሻቸው ውስጥ ሥራው የተለወጠ አንድ ሰው አምጪልኝ። አንድ ይበቃኛል።»

«ሁሉም እኮ የግምገማ ቅጹ ላይ ሥልጠናው ‹በጣም ጥሩ ነው› ብለው ነው የሞሉት።»

«እሱን አይቻለሁ» አሉ። ቀና ብለው አላዩዋትም።

ከሻይ ዕረፍት መልስ አሠልጣኙ ዮአብ ያልጠበቁትን ነገር አዘዘ። እያንዳንዱ ካሠለጠናቸው ለአንዱ ይደውል፣ በሥራው ላይ ምን እንደለወጠ ይጠይቀው፣ መልሱን ጠረጴዛው ሁሉ ይስማ። «ስፒከር ላይ መሆኑን ግን ንገሩት» አለ።

ለተሚካኤል የለገሃር ቅርንጫፉን ሱሩርን መረጠች። ቅሬታ ይዞ የመጣን ደንበኛ ሳያቋርጡ መስማትን ስታስተምር ከሁሉም በላይ የተሳተፈው፣ መዝጊያው ላይ ተነስቶ ያመሰገናት እሱ ነበር። ተስፋዋ አቻኩሏት ስፒከሩን ሳትነግረው ቀረች።

«ቲቸር፣ ምነው ጠፋሽ በቃ?»

«አለሁ። ሱሩር፣ ከዚያ ሥልጠና ወዲህ ሥራህ ላይ ምን ለወጥክ?»

ሳቀ። «እውነቱን ነው የምትፈልጊው?»

«እውነቱን።»

«ማለቴ... ምንም። ሰልፉ በር ደርሶ ማንን ቁጭ ብዬ ልስማ? መጀመሪያ ሰሞን ሞክሬ ነበር፤ ማናጀሩ ‹ወሬ ነው እንዴ የያዝከው?› አለኝ። ተውኩት።»

«ታዲያ ለምን በጣም ጥሩ ብለህ ሞላህ?»

«ምን ልበል? አንቺ ፊቴ ቆመሽ፣ ድምፅሽ እስኪዘጋ ለፍተሽ፣ ምሳ በላችሁ ወይ እያልሽ ስትዞሪ በምን ዓይኔ ‹ደካማ› ልበልሽ? ማንም አይልሽም። እኛ ማርክ የሰጠነው ለአንቺ ነው እንጂ ለሥልጠናው አይደለም።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት አቀረቀሩ። አንዷ ባዶ ስኒ ታማስላለች። ስልካቸውን አውጥተው የነበሩት መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ሱሩር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለቱ፣ ችግር አለ እንዴ? ለሥራሽ ከሆነ ተለውጫለሁ እላለሁ። አለቃሽ ፊትም ቢሆን መጥቼ እላለሁ።»

«አይ፣ ተወው» አለችና ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስትገባ አቶ ገብረጻድቃን ኮሪደሩ ላይ አገኟት።

«እህ፣ አገኘሽ?»

የሱሩርን ስም መጥራት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። እሱ መጥቶ ይልላታል፤ አለቃዋም ይቀበላሉ፤ ቦርዱም ምናልባት። እንደገና አዳራሽ ውስጥ ትቆማለች፤ እንደገና በጣም ጥሩ ይሏታል።

«አላገኘሁም» አለች።

«አንድም?»

«አንድም።»

አቶ ገብረጻድቃን መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጠረጉ። «አይዞሽ፣ ሌላ ክፍል ቦታ አይጠፋም። እኔ አለሁ» አሉ።

አመሰገነቻቸው። ሌላ የሚሉት ስላጡ እንዳሉት ገብቷታል። ወደ ክፍሏ ገብታ ለመጪው ሳምንት ያዘጋጀችውን የሥልጠና ማስታወቂያ ከግድግዳው ላይ ማንሳት ጀመረች።