ሙሾ የወረደለት ፊልም

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ጣሊያናዊው ሃምሳ አለቃ ቤፔ የሲኒማ ማሽኑን እጀታ አስያዘኝና፣ «ስትፈጥን ሰዎቹ ይሮጣሉ፤ ስትቆም ፊልሙ ይቃጠላል» አለኝ። አልዋሸኝም፤ የዚያን ጊዜ ፊልም እንደ ጭድ ነበር የሚቀጣጠለው። ጠዋት ሌንሱን እወለውላለሁ፣ የተበጠሰውን በሙጫ እቀጥላለሁ፤ ከሰዓት በእጄ እያዞርሁ አሳያለሁ። ጣሊያን ቡሬ ከገባ በኋላ ያገኘሁት እንጀራ ይኸው ነበር። አላኮራኝም፤ ግን አብልቶኛል።

የምናሳየው መስኮቱ በማቅ በተጋረደ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በገበያ ቀን ሰዉ ግጥም ይላል። አስተርጓሚው ከሸራው አጠገብ ቆሞ ታሪኩን በአማርኛ ይተርካል። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ይቆማሉ።

አንድ ቅዳሜ አዲስ ፊልም መጣ። በጦርነት መካከል አንድ ወታደር አንዲት ልብስ አጣቢ ይወድዳል። እሷን ለማየት ሲል ሸሚዙን ሆን ብሎ ጭቃ እየለወሰ ይመላለሳል። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አማቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ እንኳ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ።

ልጃቸው ባዬ ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቶ ከሞተ ወዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። መሞቱን የምናውቀው እሳቸው፣ ባለቤቴና እኔ ብቻ ነን። ለሌላው «ግሽ ዓባይ ቅኔ ሊማር ሄዷል» ብለናል። የአርበኛ ቤተሰብ መሆናችን ቢታወቅ የሚጠብቀን ገመድ ነው። ስለዚህ ለባዬ አልተለቀሰለትም።

በፊልሙ የመጨረሻ ጥቅል ወታደሩ የታጠበ ሸሚዙን እንደ ለበሰ ተመትቶ ወደቀ። አማቴ ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አደገደጉና ሙሾ አወረዱ። በእኛ አገር የምታለቅስ ሴት ብቻዋን አትተውም፤ የመጋዘኑ ሴት ሁሉ ተነሥቶ ደረቱን ይመታ ጀመር። ወታደሮቹ ጠመንጃ አቀባበሉ።

«ምን ሆኑ?» አለኝ ቤፔ።

«ለሟቹ እያለቀሱ ነው፣ ሲኞር።»

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ጠመንጃው አልነበረም። አልቃሽ መጀመሪያ ስለ ሞት በደፈናው ትገጥማለች፤ ልቅሶው ሲሞቅ ሟቹን በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ በጀግንነቱ ትጠራለች። አስተርጓሚው ጆሮውን አቁሟል። የአማቴ ድምፅ ከፍ ሲል ስሙ መምጣቱ ታወቀኝ።

እጀታውን ወደ ኋላ አዞርሁት።

ወታደሩ ከወደቀበት ተነሣ። የኋሊት እየተራመደ ከልጅቷ ደጃፍ ደረሰ። እዚያ ላይ መብራቱን አጠፋሁ፤ ፊልሙ እግሬ ሥር ተከምሯል። ሙሾው ቀጥ አለ። ቀጥሎ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። አስተርጓሚው ላለማፈር፣ «ቁስሉ ቀላል ነበር፤ ተርፏል» ብሎ ተረከ። ቤፔ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወታደሮቹም ጠመንጃቸውን መልሰው ትከሻቸው ላይ አነገቱ።

ወደ ቤት ስንመለስ አማቴ፣ «ስሙን እንዳልጠራ ብለህ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ደግ አረግህ። ስሙንማ እኔ በሆዴ ጠርቼው ነበር። ያ ሁሉ ሴት ደረቱን የመታው ለባዬ ነው። ዛሬ ቀለለኝ።»

እኔም ቀለለኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ ላስተማርኋቸው ሁሉ የነገርኋቸው አንድ ነገር ነው፦ እጅህ ከማሽኑ፣ ዓይንህ ከተመልካቹ አይለይ።