በትርንጎ ስም የተመረመርኩ ቀን

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ ልመስክር ብዬ ሽማግሌዎቹን የለመንኩት እኔው ነኝ። ሦስት እሑድ እጄን አንስቼ ሦስቴም መልሼዋለሁ። ዛሬ ግን እናገራለሁ። እልል የምትሉበት ምስክርነት እንዳይመስላችሁ። ቢሆንም የጌታ ሥራ ነውና ስሙ ይክበር!

እኔ እዚሁ ደብረ ታቦር ነው ያደግሁት። ከትርንጎ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስን የዕጩ መኮንንነት የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ወጣ። በነጻ ተምሮ በማዕረግ መመረቅ ነው፤ ሴቶችም ይበረታታሉ ይላል። መጀመሪያ የጤና ምርመራ ወረቀት፣ ከዚያ የአካል ብቃት ፈተና፤ ሩጫው፣ ፑሽ አፑ፣ ሲት አፑ። ወገኖቼ፣ የዚያን ጊዜ ትዕቢቴ! ከእኔ ወዲያ ሯጭ ያለም አይመስለኝም ነበር።

ጠዋት ጠዋት ወደ ጋፋት የሚወስደውን ዳገት አብረን እንሮጥ ጀመር። ትርንጎ ግን ልቧን ያማት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ በየወሩ መርፌ ትወጋለች፤ ሐኪሙም ለእናቷ፣ «ይቺ ልጅ እንዳትሮጥ» ብሏቸዋል። ይህን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ይጠቁራል።

«ተይኝ በቃ፣ ምርመራው ላይ ይጥሉኛል። አንቺ ሂጂ» አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ዝም በይ፤ ምርመራውን እኔ እገባልሻለሁ!»

ገባሁላት። የሚያውቀን ሰው እንዳይኖር ባሕር ዳር ድረስ በሚኒባስ ሄደን አንድ ክሊኒክ ገባን። ካርድ ሳወጣ የእሷን ስም ሰጠሁ። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠና፣ «ልብሽ ፍጹም ጤነኛ ነው፣ ጎበዝ!» አለኝ። እየተሳሳቅን ተመለስን። ለእሷ አዝኜ ያደረግሁት እንዳይመስላችሁ፣ ወንድሞችና እህቶች። ብቻዬን መሄድ ፈርቼ ነው።

ትርንጎም ወረቀቱን ለእናቷ ለእማማ የሺ አሳይታ፣ «እማ፣ ድኛለሁ!» አለቻቸው። እሳቸውም አመኑ። መርፌውም ቀረ።

ፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው ዳገቱ ላይ፣ «ቆይኝ እስቲ» ስትል ሰማኋት። እኔ ከፊት ነበርኩ። ዞር ብዬ፣ «አትልፈስፈሺ!» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ በኋላ ከእኔ አፍ ሌላ ቃል አልሰማችም። እዚያው ወደቀች፤ በባጃጅ ሆስፒታል ሳናደርሳት አለፈች።

የሆስፒታሉ ሐኪም፣ «የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ማነው ሩጪ ያላት?» አለ። እማማ የሺ ግን ወረቀቱን ይዘው፣ «ሐኪም ጤነኛ ነሽ ያላትን ልጄን ምን ገደላት? የሰው ዓይን ነው!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። የማን ዓይን? ሁላችሁም የምታውቋቸው፣ ሸክላ የሚሠሩት ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ። ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን ስንሮጥ አይተው፣ «ሩጫችሁ እንዴት ያምራል!» ብለውን ነበር። በዚያ ላይ ጴንጤ ሆነዋል ተብለው ድሮም ይታማሉ። ቡዳ በላቻት ተባለ። ቄሱ እንኳ፣ «ተዉ፣ ሰው አትሙ!» ብለው ተቆጡ፤ ማን ይስማቸው።

እኔ ዝም አልኩ። ሠልስቷ በወጣ ማግስት ሄጄ ፈተናውን ሮጥኩ። አለፍኩም። ምን ዓይነት ሰው ነበርኩ!

አንድ ጠዋት የሰፈር ጎረምሶች የእትዬ ማንጠግቦሽን እንስራ ደጃፋቸው ላይ በድንጋይ ሰባብረው ሲሄዱ ደረስኩ። እሳቸው ስብርባሪውን እየለቀሙ ቀና አሉና፣ «ደህና አደርሽ ልጄ?» አሉኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ዘከዘክሁት።

ያቅፉኛል ብላችሁ ጠበቃችሁ? ተቆጡ እንጂ! «ለእኔ ምን አመጣሽው? እኔማ እንዳልበላኋት አውቃለሁ! ሂጂ ለእናቷ ንገሪ!»

«አብረውኝ ይሂዱ፣ እፈራለሁ» አልኳቸው።

«እኔንማ በድንጋይ ነው የሚቀበሉኝ» አሉ፤ ግን ነጠላቸውን አነሱ። ከመሄዳችን በፊት እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። እኔም፣ «ጌታ ሆይ፣ ጓደኛዬን ገድያለሁ፤ እጄን ያዘኝ» አልኩ። ጌታን የተቀበልኩት በዚያ ደጃፍ ላይ ነው። ሃሌ ሉያ!

ለእማማ የሺ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ ተነሡና የእትዬ ማንጠግቦሽ እግር ላይ ወድቀው አለቀሱ። እትዬ ማንጠግቦሽም አንስተው አቀፏቸው። እማማ የሺ ወደ እኔ ሲዞሩ ግን፣ «አንቺ ውጪልኝ። ዓይንሽን አላይ» አሉኝ።

ለመልማዮቹም እውነቱን ነገርኳቸው፤ ስሜን ሰረዙት። እማማ የሺ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን አይቀበሉም። እውነታቸውን ነው። ትርንጎ አልተመለሰችም፤ ሌሊት ያ ጩኸቴ ይሰማኛል። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ቀና ብለው ገበያ ይወጣሉ፤ ይኸው ዛሬም ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ተመስገን ጌታ ሆይ!

ወገኖቼ፣ እናንተ በደበቃችሁት ሌላ ሰው እየተወገረ ከሆነ ጌታን ታመኑና ዛሬውኑ ሂዱ። ይቅር ይሏችኋል ብዬ ቃል አልገባላችሁም። ጌታ ግን አብሯችሁ ይገባል፤ ቢያባርሯችሁም አብሯችሁ ይወጣል። ከእኔ ጋር ወጥቷል፤ ስሙ ይባረክ።