«በሕግ አምላክ» በፌኸንሃይም

ባለፈው እሑድ ልጄ ሩት ኦይሮፓፊርቴል ከሚባለው አዲስ ሰፈር ካለው ቤቷ ምሳ ጠርታኝ ነበር። ሽሮ ነው ብላ ያቀረበችልኝን ቀጭን ነገር እንደ ምንም እየዋጥኩ ሳለ ቴሌቪዥኑ ኢቮን አሳየ። አንድ ትልቅ ክለብ አሠልጣኝ አድርጎ ስለቀጠረው የተጫዋችነት ዘመኑን ከሥር ከመሠረቱ ይተርኩለታል። ጸጉሩ ሸብቷል፤ አንገቱ ግን አሁንም የወይፈን አንገት ነው። ሩት በጀርመንኛ፣ «ባባ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ ፌኸንሃይም ነው ያደገው። አንተም ድሮ እዚያ አልነበርክ? ታውቀዋለህ?» አለችኝ። የያዝኩትን ጉርሻ ዋጥ አድርጌ ግራ መንጋጋዬን ዳሰስኩ።

«መንጋጋዬ ያውቀዋል» አልኳት።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አገሬ ከጦርነት ወጣች ሲባል እኔ ከአገሬ ወጥቼ ፌኸንሃይም፣ ከማይን ወንዝ ዳር፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች የሚኖሩበት ሃይም ውስጥ አንድ አልጋ ተሰጥቶኝ ነበር። መከር ነው። ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው የመድኃኒት ሽታ ከበሰበሰ ቅጠልና ከወንዙ ጭጋግ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ይከረክራል። ሥራ አልተፈቀደልኝም፤ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ ከማፍጠጥ ብዬ የሰፈሩ ኳስ ቡድን ውስጥ ገባሁ። ኳስ የምችል እንዳይመስላችሁ! ኢትዮጵያዊ ነው፣ መሮጡ አይቀርም ብለው ነው ቀኝ ተከላካይ ያደረጉኝ። እኔም ሮጥኩላቸው። ኳሷ ከእኔ ጋር መስማማት ያለመስማማቷ የራሷ ጉዳይ ነበር።

ኢቮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ለሥራ ከክሮኤሺያ መጥተው እዚያው ፌኸንሃይም ወለዱት። አጥቂ ነበር። እንዲህ ያለ እግር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በቅርብ አላየሁም፤ ኳሷን ሲመታት ድምፁ ብቻ ያስደነግጣል። በረኛችን ሚላን ደግሞ ሠላሳውን ያለፈ ሰርብ፣ ሸክላ ንጣፍ ሠራተኛ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ኢቮን ከልጅነቱ ጀምሮ ምታ እያለ፣ እሱ ጎል ውስጥ እየወደቀ እየተነሣ ያሠለጠነው እሱ ነው። ክሮኤሺያዊውም ሰርቡም የአንድ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ያችን አገር ነው እንግዲህ ያን ዓመት በጦርነት እንደ ጨርቅ የተረተሯት።

የኢቮ አባት ግንበኛ ነበሩ። ሁልጊዜ እሑድ ከሜዳው ዳር ከሰል አቀጣጥለው የተፈጨ ሥጋ እንደ ጣት እያድቦለቦሉ ይጠብሱልናል፤ በጥሬ ሽንኩርትና በትኩስ ዳቦ። የዚያ ጭስ ሲሸተኝ ተሸንፈንም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አንድ እሑድ ሚላን እንደ ልማዱ ዳቦውን ከፍቶ ዘረጋ። ሰውየው ሥጋውን አገላበጡ። ሚላን ቆመ። ደግመው አገላበጡና ቀና ሳይሉ ከጀርባው ለቆምኩት ለእኔ ሰጡኝ። ሚላን ባዶ ዳቦውን እየገመጠ ሄደ። እኔ ግን በላሁ፤ ምን ልበል፣ ርቦኝ ነበር። የዚያን ቀን ነው ነገሩ እሳትና ጭድ መሆኑ የገባኝ።

በዚህ መሐል ለኢቮ ትልቅ ዕድል መጣለት። አንድ የታወቀ ክለብ ለቅዳሜ ለሙከራ ጠራው። ክለቡ ከተቀበለው አዲስ ለሚቋቋመው የክሮኤሺያ ወጣት ብሔራዊ ቡድን እንጠራዋለን የሚሉ ሰዎችም ቤቱ ድረስ መጥተዋል። ካልተቀበለው ደግሞ ከአባቱ ጋር ድንጋይ መሸከም ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ቅዳሜ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ልምምድ ጨርሰን፣ ጭቃ ተለውሰን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባን። አንዱ ራዲዮ ከፈተ። ዜናው የኢቮ እናት ከተወለዱበት አካባቢ መንደሮች መቃጠላቸውን ተናገረ። ሚላን ጓንቱን እያወለቀ፣ «በእኛም በኩል ይቃጠላል» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሐዘኑን መናገሩ ነበር መሰለኝ። ግን እንዲህ ያለ ነገር በዚያች ሰዓት ይባላል?

ኢቮ ዘሎ አንገቱን ያዘው። ሁለቱም አግዳሚውን ይዘው ወደቁ። ደረቱን ሲረግጠው፣ ሚላን ሲያቃስት፣ ደም በመታጠቢያው ውኃ ላይ ሲሄድ አየሁ። የቀሩት ጀርመኖች ግድግዳ ተለጥፈው ያያሉ፤ አንድ እንኳ የሚይዝ የለም። ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ገላጋይ አልፈጠረባችሁም? ሚላን እየተንፏቀቀ ጥግ ደረሰና የመረብ መወጠሪያውን ብረት አንሥቶ ቆመ። ዓይኑ የኢቮ ራስ ላይ አልነበረም። ጉልበቱ ላይ ነበር። ያን እግር ያሠለጠነው ሰው የቱን ቢሰብር ምን እንደሚሰበር ያውቃል።

እኔ የአጥቢያ ዳኛ ልጅ ነኝ። በእኛ ሰፈር ሁለት ሰዎች ዱላ ተማዘው፣ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ «በሕግ አምላክ!» ካሉ፣ የተሰነዘረው ዱላ አየር ላይ ይቀራል። በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴ አንድ ጊዜ ጎራዴ የመዘዘ ሰው ፊት እጃቸውን ወደታች ለቀው ቆመው፣ ሰውየው ጎራዴውን መሬት አስቀምጦ ተቀምጦ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ገላጋይ እጁን አያነሣም፤ ካነሣ እሱም ተደባዳቢ ነው። ይኼ ደሜ ውስጥ ነበር። የት አገር እንዳለሁ እንኳ ረስቼ መሐላቸው ገባሁ፣ እጄን ለቅቄ፣ ባለ በሌለ ድምፄ «በሕግ አምላክ!» አልኩ። በአማርኛ! ፌኸንሃይም ላይ!

ብታምኑም ባታምኑም ሚላን ቆመ። ቃሉ አልገባውም፤ ግን ብረቱን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ። እኔም ገላገልኩ ብዬ ወደ ኢቮ ዞር አልኩ። ኢቮ የብረት ጥርስ ያለው የኳስ ጫማውን በእጁ ይዞ በትከሻዬ ላይ አሳልፎ ሚላንን ሊመታ ሲሰነዝር ያየሁት ፊቱን ብቻ ነው። ጥርሱ ተገጥሟል፤ ዓይኑ ግን እኔንም ሚላንንም አያይም፤ ባዶ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ጆሮዬ ሥር ቀጭ አለ። መሬት ላይ ሆኜ አፌን ልዘጋ ብል አልዘጋ አለኝ፤ ሁለት ጥርሴ ምላሴ ላይ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ፖሊሶቹ ዘግይተው መጡ። ብረት የያዘው ሚላን ነው፤ የተሰበረው እኔ ነኝ። ደምረው ሚላንን በካቴና ይዘውት ሄዱ።

መንጋጋዬን በሽቦ አሠሩት። ክራንከንሃውስ፣ ማለትም ሆስፒታል፣ ተኝቼ ሾርባ በቀሰም ስመጥ ሰነበትኩ። ከእኔ ጋር ሃይም የሚኖረው ኤርትራዊው ጓደኛዬ ተስፋይ መጥቶ፣ «ማን እንደሆነ ተናገር። ሰርቡን ያስሩልሃል» አለኝ። መቺው ሰርቡ አይደለም ስለው፣ «እንግዲያው ያኛውን ጥራ» አለ። ኢቮን ከጠራሁ ኢቮ ይታሠራል፤ ቅዳሜ የለችም ማለት ነው። ዝም ካልኩ ሚላን በማያውቀው ይማቅቃል።

ሐሙስ ለጊዜው የተለቀቀው ሚላን መጥቶ አልጋዬ ጎን ተቀመጠ። ሙዝ በሹካ ጨፍልቆ አልሞ በሽቦው ክፍተት አጎረሰኝ። ያን ሰው እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። የእሱና የእኛ ፋሲካ አብሮ ስለሚውል በየዓመቱ ይደውልልኛል።

እሱ እንዳለ ኢቮ ከአባቱ ጋር ገባ። አባትየው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሹ ከበሩ አላለፉም። ኢቮ አጠገቤ መጥቶ ፊቴን ሲያይ አለቀሰ። ከልቡ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ አለኝ፤ ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ናት፣ ሕይወቴ በእጅህ ነው አለኝ።

እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁ፤ በሽቦው መሐል እንደ ምንም፣ «እጁን ጨብጠው» አልኩት ወደ ሚላን እያመለከትኩ።

ሚላን ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ኢቮ እንባውን ጠረገ። «አንተን ይቅርታ ጠይቄሃለሁ» አለ። «እሱን ግን አልጨብጥም። ብትፈልግ ተናገርብኝ።»

የሚላን እጅ አየር ላይ ቀረ። ደሜ ፈላ። ሽቦው ባይኖር እነክሰው ነበር! ሂድ ውጣ እንኳ ማለት አቃተኝ። አባትና ልጅ ወጡ።

ከሰዓት ፖሊሱ መጣ። ብረት የያዘው ነው? አለኝ። አይደለም ስል ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላው ነው? በዚያች ቅጽበት የኢቮ ሕይወት ምላሴ ላይ ነበር፤ የመናገርም አምሮት ነበረኝ፣ አልዋሽም። ግን አባቴ፣ «መሐል የገባ ሰው ያገኘውን ይቀበላል፤ ገላጋይ ከሳሽ አይሆንም» ይሉ ነበር። ወለሉን አሳየሁት። አዳለጠኝ፣ ወደቅሁ አልኩት። ፖሊሱ ውሸቴን እንደሆነ ያውቃል፤ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ሚላን ጨርሶ ነፃ ወጣ። ቅዳሜ ኢቮ ሦስት ጎል አገባ አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም ያውቀዋል። መጀመሪያ ሁለተኛው ዲቪዚዮን፣ ቀጥሎ ትልቁ ሊግ፣ ከዚያ ያ የክሮኤሺያ ነጭና ቀይ ዳማ ማልያ። ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን በነበርኩበት ዘመን እሱ ለአገሩ ጎል ባገባ ቁጥር ለባልደረቦቼ፣ ያ እግር የእኔ መንጋጋ ዕዳ አለበት እላቸው ነበር። ማን ያምነኛል? እኔ ግን ኮርቼ ነበር። አንድ ሰው ከእሳት አወጣሁ ብዬ።

አንድ ጨዋታ ላይ ግን፣ ስሙ ገና መነሣት የጀመረ ልጅ ተቀይሮ ገባና ኳሷን በኢቮ እግር መሐል አሾልኮ አለፈው። ሕዝቡ ሳቀ። ኢቮ ተከተለው። ካሜራው ፊቱን በቅርብ ያዘው፤ ጥርሱ ተገጥሟል፣ ዓይኑ ባዶ ነው። የኤርፖርቱ ካንቲን ውስጥ ድንች እየበላሁ ነበር፤ ሹካዬን ጣልኩ፤ ያን ፊት በዓለም ላይ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ኢቮ ተንሸራቶ አልነበረም የገባው፤ ዘሎ ነው የወረደበት። የልጁ እግር ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ጩኸቱ ከሜዳው ጩኸት ሁሉ በላይ ተሰማ። ዳኛው ቀይ ካርድ አወጣ፣ ኢቮ ጥቂት ጨዋታ ታገደ፣ ተመለሰ። ልጁ አልተመለሰም።

ይኼን ሁሉ ለሩት ነገርኳት። ሽሮው ቀዘቀዘ፤ ግድ የለም፣ አልጎዳውም። ቴሌቪዥኑ ጎሎቹን ሁሉ፣ ዋንጫውን፣ አባቱን አቅፎ ሲያለቅስ ሁሉ አሳየ። ያችን ነገር አላሳየም። ሩት ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «አንተ ባትኖር ኖሮ ይኼ ሁሉ አይኖርም ነበር» አለችኝ፤ ይኼን በአማርኛ ነው ያለችው። ልታጽናናኝ ነበር። እውነቷን ነው። ሚላን የዚያን ቀን ጉልበቱን ብሎት ቢሆን ኖሮ ኢቮ ዛሬ እንደ አባቱ ግንበኛ ነበር፤ አንድ ሰው ደግሞ አንድ ቦታ በደህና እግሩ ይሄድ ነበር። አባቴ በሕይወት ቢኖሩ እጠይቃቸው ነበር፤ ገላጋይ ያዳነው እግር ለሚሠራው ማን ነው ተጠያቂው ብዬ።

ሩት ስልኳን አንሥታ የዚያን እግሩ የተሰበረ ልጅ ነገር ልትፈልግልኝ ፈለገች። «ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ።

ፕሮይንገስሃይም ወዳለው ቤቴ እስክመለስ፣ አልጋዬም ውስጥ ገብቼ አሰብኩ። ስሙ ዛሬም አልመጣልኝም።