የአቶ ሞላ ኮት የሚቀመጥበት ወንበር

ሜይሊን ቻይና ውስጥ አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ተወልዳ፣ ኮምቦልቻ የመጣችው ለጨርቅ ፋብሪካ አበባ ልትስል ነበር። ሁለት ዓመት የአልጋ ልብስ ላይ ጽጌረዳ ስትደረድር ጽጌረዳ የሚባል ነገር አንገሸገሻት። ውሏ ሲያልቅ አገሯ ትገባለች ሲባል ደሴ ወጥታ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየች።

አከራይዋ እትዬ ከድጃ ገና በሩን ሳይከፍቱላት፣ "ሠዓሊ ነሽ አሉ። ወላሂ፣ በግድግዳዬ ላይ ነፍስ ያለው ፊት እንዳላይ!" አሏት።

"እሺ፣ ፊት የለም" አለች። ቃል የእምነት ዕዳ አይደል? ከዚያ ወዲህ የምትስለው ሰው ሁሉ ሻሽ አለው፣ እጅ አለው፣ ፊት የለውም።

አንድ ማታ ጎረቤቷ ራሂማ ከኮምቦልቻው ፋብሪካ ተመልሳ፣ ደጃፍ ላይ ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ስታሽ አየቻት። የሜይሊንም እናት ሠላሳ ዓመት ፈትል ማሽን ሥር ቆማ ኖራለች፤ እግሯ እንዲሁ ነበር።

"ለምን አትቀመጡም?"

"ወንበሩ አንድ ነው፤ እሱም የአለቃችን የአቶ ሞላ ነው።"

"እሳቸው ይቀመጣሉ?"

"ኧረ እሳቸውማ ሲዞሩ ነው የሚውሉት። የሚቀመጠው ኮታቸው ነው።"

እውነቷን ነው። አቶ ሞላ በደሴ ብርድ የለበሱትን ቡኒ ኮት የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበላቸው አውልቀው ወንበሩ ላይ ያስቀምጡታል፤ እስኪመሽ ማንም አይነካውም።

ሜይሊን እትዬ ከድጃን አስፈቅዳ፣ የሠራተኞች ሰርቪስ በሚቆምበት በኩል ያለውን ግድግዳ ያዘች። ፊት የሌላቸው ስድስት ሴቶች ቆመዋል። መሐላቸው፣ ክርኑ የተጣፈ ቡኒ ኮት ወንበር ላይ ተንደላቅቆ ተቀምጧል።

ጠዋት ሰርቪሱ በሳቅ ተናወጠ። ራሂማ ብቻ አልሳቀችም፤ ከሴቶቹ አንዷ የእሷን ቀይ ሻሽ አስራለች። "እንጀራዬን ቆረጥሽው" አለቻት ሜይሊንን።

አቶ ሞላ ከሰርቪሱ ወረዱ። "ይቺ ወሬ አቀባይ ማናት?" አሉና ሥዕሉ ላይ ፊት ቢፈልጉ ፊት የለም። "ኮቱስ የማን ነው?"

እትዬ ከድጃ ከበር ላይ ሆነው፣ "አንተ ሞላ፣ ያንተ ነው ያለህ አለ?" አሉ።

አቶ ሞላ የተጣፈ ክርናቸውን አዩና ተመልሰው ሰርቪሱ ላይ ወጡ።

በማግሥቱ ያለ ኮት እየተንቀጠቀጡ መጡ። ኮምቦልቻ ላይ ወንበሩ ባዶውን ዋለ፤ ማን ደፍሮ! ከሰዓት ግን የራሂማ እግር አልታዘዝ አላት። "ቢስሚላህ" ብላ ቁጭ አለች። አቶ ሞላ አዩዋት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አለፉ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ በተራ ተቀመጡ።

ሜይሊንም የጎመን ምንቸት ውጣ ብላ ከግድግዳው ላይ ኮቱን አጠፋችና በቦታው ቀይ ሻሽ ያሰረችውን አስቀመጠች። ፊት አሁንም የላትም።

እትዬ ከድጃ ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ እሷኑ እያሳዩ፣ "ወላሂ፣ ስትስቅ አታይም?" ይላሉ።