ጨው ያስጮኸው ውሃ

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እናቴ «አንቺስ ምጥሽን ሳትጨርሺ ክርስትና ትጠሪያለሽ» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው።

በደርግ ጊዜ ከመተማ ወዲህ ወደ ሱዳን ተሻግረን ኡም ራኩባ መጠለያ እንደገባን፣ ገዳሪፍ አጠገብ ባለ የሰሊጥ እርሻ ለአጫጆች የማሽላ ገንፎ አገነፋ ነበር። አጫጆቹ «ኧረ ገና ነው ወይ?» እያሉ ሲያፋጥጡኝ፣ ውሃው ዳር ዳሩን መተንፈስ ሲጀምር አንድ ጭብጥ ጨው ጣል አደርግበታለሁ። ቱፍ ብሎ በአረፋ ይነሣል። «ይኸው ፈላ!» እላለሁ፤ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ጨው ውሃን ቶሎ የሚያፈላ ይመስለኝ ነበር። ያልመሰለው ሰውም አላየሁም።

ኋላ ወገቤ መጎንበስ እምቢ አለኝ። በዚያው ሰሞን የመጠለያው ክሊኒክ መርፌ ቀቃይ ፈለገ። ያኔ ስሪንጁ የጠርሙስ ነው፤ ተቀቅሎ ተመልሶ ይሠራል። ለአንድ ወር ሙከራ ተቀበሉኝ። ያን ሥራ ካጣሁ መመለሻዬ እርሻው ነው፤ ወገቤ ደግሞ እንደማይችል አውቀዋለሁ።

መርፌ የሚወጋው የክሊኒኩ ድሬሰር የጎንደር ሰው ነበር፤ ጋሼ እለዋለሁ። ቁጡ አይደለም፣ ግን ቃሉ አንድ ነው። «ውሃው ከፈላ በኋላ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ በፊት ያለው አይቆጠርም» አለኝ።

ብቻዬን በሠራሁበት በመጀመሪያው ቀን ከሰሉ ረጥቦ አልቀጣጠል አለ። በር ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል። ከሁሉም ፊት የቆመችው አፈኛ ሴት «ኸላስ፣ በቃ! መርፌ ነው ወይስ በሬ ነው የምትቀቅይው?» ትለኛለች። ደሜ ፈላ። ለምሳዬ ከያዝሁት ጨው አንድ ጭብጥ ጣልሁበት። ቱፍ! ሰዓቱን አየሁና ሃያውን መቁጠር ጀመርሁ።

ወዲያው ድስቱ ጸጥ አለ። እርሻ ላይ ዱቄቱን ለማምጣት ዞር ስለምል ይኼን አይቼው አላውቅም ነበር። አረፋው የለም፣ ውሃው ተኝቷል። እስኪንተከተክ ብዙ ቆየ። እኔ ግን ቆጠራዬን እንደገና አልጀመርሁም፤ ማን ያውቅብኛል ብዬ። ሃያው ሲሞላ «ደርሷል» አልሁ።

ድሬሰሩ የመጀመሪያውን መርፌ በመቆንጠጫ አወጣ። የአፈኛዋ ልጅ፣ ምን እንደሚጠብቀው መች አውቆ፣ ሳቀለት።

«ጋሼ፣ ተው! ሃያው አልሞላም!» አልሁ። ጨዉንም ሳልደብቅ ነገርሁት።

መርፌውን መለሰና ድስቱን ደፋው። «ጨው አስጮኸው እንጂ አላፈላውም» አለ። «የተኛውን አረፋ ነው የቀሰቀሰው። እንዲያውም ጨው የሟሟበት ውሃ ለመፍላት ከባዶው ውሃ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል።»

ምላሴ መች ያርፋል! «ታዲያ ሙቀቱ ከበለጠ በሽታውን ይበልጥ አይገድለውም?» አልሁት።

ሊቆጣ የነበረው ሰውዬ ሳቁ አመለጠው። «በአንድ ጭብጥ ጨው ብልጫው አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላ! ለዚህ ብለሽ መርፌዬን ዝገት ልታስበይው? በይ ንጹሕ ውሃ ጣጂ። የሥራሽን ነገር ኋላ እንነጋገራለን።»

«ኋላ» ሲለኝ እርሻው ታየኝ። እሳቱን አራገብሁ፤ ሰልፉ አጉረመረመ። በዚህኛው ውሃው በደንብ እስኪንተከተክ ሰዓት የሚባል አላየሁም። ከዚያ ሃያውን ሙሉ ቆጠርሁ።

አፈኛዋ ልጇን ይዛ ቀረበች። ድሬሰሩ «ስላስቆየንሽ ይቅርታ። ከከፋሽ ነገ ነይ፤ ሌላ ሰው ይቀቅልልሻል» አላት። አቀረቀርሁ። አለቀልኝ አልሁ በልቤ።

«ሌላ ሰው?» አለች። «ሌላውስ ሳይፈላ ፈላ ቢለኝ በምን አውቃለሁ? ይችስ ተናግራለች። እሷ የቀቀለችውን ውጋልኝ።»

ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞሮ «ሰማሽ አይደል? ነገ ማልደሽ ነይ፤ ልጁን ያዥልኝ አሁን» አለኝ። ያዝሁት። ተወጋ፣ እሪ አለ፤ እኔ ግን ደስታዬን የት ላስቀምጠው!