ጥቁሩ ደብተር

የስፌት ቤቱ አለቃ ግራ ገብቶታል። ሚስቱ «አንተ አፍ እንጂ ጆሮ አልፈጠረብህም» ብላ ከነዘነዘችው ወዲህ፣ መስማት ከሆነ እሰማለሁ ብሎ ቆርጦ ተነሥቷል። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፤ ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናዎቹን ሁሉ ያስቆምና በርጩማ ስቦ መሃላቸው ቁጭ ይላል። ጥቁሩን ደብተር ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን ይደቅናል።

«በሉ ችግራችሁን ንገሩኝ፤ አንዲት ቃል አታመልጠኝም!»

ቆራጩ መቀሱን ያያል፤ ቁልፍ ተካይዋ ክሯን ትፈታትላለች። «ኧረ ሁሉም ሰላም ነው፣ አለቃ» ይሉታል። «ስጮህ ያጉረመርማሉ፣ ዝም ስል ዝም ይላሉ፤ ምን ጉድ ነው?» ይላል ለራሱ።

ቢጨንቀው የእናቱን እኩያ፣ ልብስ ተኳሿን፣ ለብቻቸው ጠጋ አላቸው።

«እትዬ፣ ምን በደልኩ? እየሰማሁ አይደል እንዴ?»

«ልጄ፣ እዚያ ደብተር ውስጥ ገብቶ በደህና የወጣ ሰው አለ?»

አሰበ። ለቅጣት ያረፈደን ወይም ጨርቅ ያበላሸን እንጂ ሌላ ሰው መዝግቦበት አያውቅም። ደብተሩን ከድኖ ብብቱ ሥር ወሸቀው።

«እሺ፣ አሁን ይንገሩኝ።»

«ካውያው ይነዝረኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?» ብሎ ጮኸ።

«ነግሬህ ነበር» አሉት ረጋ ብለው። «ጽፈኸዋል እኮ።»

ደብተሩን መዞ የአምናውን ገጽ ገለጠ። ከስማቸው ትይዩ፣ በራሱ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ካውያ አልይዝም ብላ ሥራ አጓተተች።»